የአሸናፊው እርግማን፦ በበይነ መረብ ጨረታ ገዝቶ ማትረፍ ስለምን ይከብዳል?

እ.ኤ.አ. በ1995 እንደተመሠረተው እንደ ኢቤይ ባሉ የበይነ መረብ ጨረታዎች ዕቃ ገዝቶ በዚያው መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ መሠረታዊ እንቅፋት ይገጥመዋል። በከፈለው ዋጋ ለመግዛት ከተፎካካሪዎቹ አንድም ፈቃደኛ አልተገኘም። ታዲያ ነገ ለማን አስወድዶ ይሸጣል? ጨረታን የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ከሁሉም አብልጦ የገመተ ሰው ነው፤ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን «የአሸናፊው እርግማን» ይሉታል።

ወጪም አለ። በ100 ዶላር ተገዝቶ በ115 የተሸጠ ዕቃ፣ ኮሚሽኑ 10 በመቶ፣ መላኪያው 8 ዶላር ቢሆን፣ 4.50 ዶላር ያከስራል።

ስለዚህ ትርፍ የሚገኘው ሌሎች ያላስተዋሉትን ከማወቅ ነው፦ ስሙ በስሕተት የተጻፈ፣ ፎቶግራፉ የደበዘዘ፣ ተጫራች ያጣ ዕቃን ለይቶ ከማወቅ። ይህ ዕውቀት የሌለው ነጋዴ ባሸነፈ ቁጥር ይከስራል።