ዘበኛው ካንሰርን ሲለየው

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 የ90 ዓመቱ አዛውንት፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ካንሰር እንደያዛቸው ተናገሩ። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ጉበታቸውና አንጎላቸው ደርሶ ነበር። በዚያው መግለጫ ላይ፣ የመጨረሻው የጊኒ ዎርም ትል ከእሳቸው ቀድሞ ቢሞት ደስ እንደሚላቸው ገለጹ።

ይህ ምኞት እኛም ቤት ይደርሳል። በኢትዮጵያ ጊኒ ዎርም የሙጥኝ ያለው ጋምቤላ ክልል፣ በተለይ ጎግና አቦቦ ወረዳዎች ነው። የካርተር ማዕከል ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ኩሬዎችን በመድኃኒት ሲያክምና ለየቤቱ የውኃ ማጣሪያ ጨርቅ ሲያድል ዓመታት አስቆጥሯል።

ካርተር ግን በዚያ ዓመት አልሞቱም። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ተደረገላቸው፤ ከዚያም ፔምብሮሊዙማብ የተባለ አዲስ መድኃኒት ወሰዱ። በታኅሣሥ አንጎላቸው ሲታይ የካንሰር ምልክት አልተገኘበትም። 100 ዓመት ሞልቷቸው ያረፉት በ2024 መጨረሻ ነው።

መድኃኒቱ ራሱ ካንሰር አይገድልም። የሚገርመውም ይኸው ነው።

በደምዎ ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እንደ ሠፈር ዘበኛ ያገኙትን ሴል ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ባዕድ ወይም የተበላሸ ካገኙ ያጠፋሉ። ዘበኛው የቤቱን ልጆች እንዳይመታ ደግሞ ተፈጥሮ ፍሬን አበጅታለታለች። ብልጥ የሆነ ካንሰር ይህን ፍሬን ያውቀዋል፤ ዘበኛው ሲቀርበው ይረግጥበታል፤ ዘበኛውም «የቤት ልጅ ነው» ብሎ ያልፋል። ጊኒ ዎርምም ከሰው ሰውነት ጋር ተመሳሳይ ድብብቆሽ ይጫወታል። ትሉ ዓመት ያህል በሰውነት ውስጥ ሲያድግ ሰውዬው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማው፤ አንዴ የያዘውም ሰው ለሚቀጥለው ዓመት መከላከያ አያዳብርም።

የፍሬኖቹን ምስጢር ለሕክምና ያዋሉት ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ፒዲ-1 የተባለውን ፍሬን አገኙ። እናታቸውን በልጅነታቸው በካንሰር ያጡት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላ ፍሬን በመዝጋት የአይጦች ካንሰር ሲጠፋ አዩ። መድኃኒት ኩባንያዎች መጀመሪያ ላይ ብዙም አላመኗቸውም፤ በአሊሰን ሐሳብ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው። በ2018 ሁለቱ የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ይህን ሲያነቡ «እንግዲያው ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር ልግዛ» ብለው እንዳይነሡ። ከኮሮና ወዲህ በየሱቁ የሚቸረቸረው ዱቄትና ሽሮፕ ከዚህ ሳይንስ ጋር ዝምድና የለውም። ፍሬኑ የተፈታለት ዘበኛ አንጀትን፣ ሳንባን፣ የታይሮይድ ዕጢን ሊያጠቃ ስለሚችል ሕክምናው የሚሰጠው በሐኪም የቅርብ ክትትል ነው። ሁሉም ታካሚ፣ ሁሉም የካንሰር ዓይነት አይድንበትም። ዋጋውም በአሜሪካ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጥቁር አንበሳ ለሚደርስ ታካሚ ይህ ቁጥር ወሬ ነው።

ሆኖም ጋምቤላ ለዚህ ሳይንስ ሩቅ አገር አይደለችም። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የኤች አይ ቪ ሥርጭት በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆን በጋምቤላ ግን 4.8 በመቶ፣ ማለትም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ኤች አይ ቪ የሚያጠፋው ደግሞ እነዚያኑ ቲ ሴሎች ነው። ዘበኛው ሲመነምን በቆዳ ላይ ወይን ጠጅ መሳይ ነጠብጣብ የሚያወጣው ካፖሲ ሳርኮማ የተባለ ካንሰር ይመጣል። ታካሚው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀምር፣ ሕመሙ ቀላል ከሆነ፣ ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ ያለ ኬሞቴራፒ ይሟሽሻል። ክኒኑ የተሠራው ለካንሰር አይደለም፤ ዘበኛውን ወደ በሩ ስለመለሰው ነው። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው በነፃ የሚታደለው ክኒን፣ በእኔ እምነት፣ ከኖቤሉ መድኃኒት ጎን ሊነሣ ይገባዋል።

ወባም የራሷ ድርሻ አላት። በ1958 ዴኒስ በርኪት የተባሉ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በኡጋንዳ ልጆች መንጋጋ ላይ በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ ጽፈው አሳወቁ። በኋላ እንደታወቀው ዕጢው ከኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የሚበዛውም ወባ በሚበረታበት ሞቃት ቆላ ነው፤ ወባ ደጋግማ ስትመታ ቫይረሱን የሚጠብቀው ዘበኛ ይደክማል። እንደ ጋምቤላ ባለ የወባ ቆላ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት፦ የልጅ መንጋጋ በቀናት ውስጥ ካበጠ ጥርስ ነው ብሎ መቆየት አይገባም። ይህ ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት በኬሞቴራፒ ከሚድኑት አንዱ ነው።

አዲስ አበባም ይኑሩ ጋምቤላ፣ ዘበኛውን አስቀድሞ ማስተማርም ይቻላል። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚወስዱት ክትባት ሄፓታይተስ ቢን፣ በእሱም በኩል የጉበት ካንሰርን ይከላከላል። የማህፀን በር ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በኋላ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል። ልጅዎ ካለፋት በትምህርት ቤቷ ወይም በጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ክትባቱ መካንነት ያመጣል የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም።

እናቶችስ? ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ በጤና ተቋም የማህፀን በር ጫፍ ምርመራ ይጠይቁ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ለዚህ ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ስለሆነ ቀደም ብለው ሊጀምሩ ይገባል። ባለሙያዋ ኮምጣጤ መሳይ ፈሳሽ ትቀባለች፤ የተለወጠው ቦታ ይነጣል፤ ውጤቱንም ሳይወጡ እዚያው ይሰማሉ።