ያገለገለ ፎር ዊል ለየካና ለእንጦጦ መንገድ

ያገለገለ ፎር ዊል መኪና ለቀላል የጥርጊያ መንገድ ጉዞ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚሠራው ፋብሪካው ሰጥቶት በጊዜ ብዛት ያጣውን መመለስ ነው። ጌጡና ተጨማሪው ዕቃ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ፓትሮል ወይም ቪታራ የሚፈልግ ገዢ የሚያማርጠው አገር ውስጥ ካለው ነው። ብዙዎቹም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቆይተው ቀለማቸው እንጂ ሆዳቸው አልታደሰም።

ከዋጋ ክርክር በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ሻንሲው ከስር በባትሪ መብራት ይታያል፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ብየዳ ወይም ዝገት ሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ጠጋ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባው ጉርድ ሾላ ተነስቶ በኮተቤ በኩል ወደ የካ ተራራ፣ ከአለት ወደ ተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ወይም ወደ እንጦጦ ጀርባ ለሚወጣ ሰው ትልቁ ጉዳይ ከፍታው ነው። ጉርድ ሾላ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦ ከ3000 ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር እንጦጦ ጫፍ ሲደርስ ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋውን አጥቷል ማለት ነው። ውሃም እዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ መኪናው ዳገቱ መሃል ይግላል፣ ብዙ ጊዜም ቴስታው ይጎዳል። ከራዲያተር ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ይህ ክዳን ስለሆነ ሳይጠራጠሩ መቀየር ይሻላል። የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃና በአቧራ አለመደፈናቸውም አብሮ ይታያል።

ፎር ዊሉ መሥራቱ የሚፈተነው አፈር ወይም ኮረት ላይ ነው። መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌለውን መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ኤች (ፈጣኑን የፎር ዊል ማርሽ) አስገብቶ ማዞር የፊቱንና የኋላውን እርስ በርስ ያታግላል፤ ክሮቼራና ማርሽ የሚሰበረውም በዚህ ነው። አፈር ላይ መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዞ ቀስ ብሎ ሲነዳ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ መጋጠሚያው አልቋል። ፎር ኤል (ዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ) በእርግጥ መግባቱም መረጋገጥ አለበት። ከተማ ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ የኖረ መኪና ላይ ዘንጉ ደርቆ እንቢ ሊል ይችላል።

የዲፈረንሻል ዘይት ምርመራ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። የመሙያው ቡሎን ይፈታል፣ ጣት ገብቶ ይወጣል። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ በዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ጥፋት ነው። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች በኦሊዮ ሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። መፍትሔው መተንፈሻዋን አጽድቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ማድረግ ነው። ከሞላ ጎደል ወጪ የሌለው፣ ግን ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ፓራውልት የበለጠ ጥቅም ያለው ሥራ ይህ ነው።

ከጥገናው ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ለጎማ ነው። ለአስፋልትም ለጥርጊያም የሚሆነው ኦል ቴሬይን የሚባለው ዓይነት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጥርሱ ብቻ ታይቶ አይገዛም፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። 3521 ማለት በፈረንጆቹ 2021 በ35ኛው ሳምንት ማለት ነው። ድንጋያማ መንገድ ላይ ንፋሱን ከ35 ወደ 25 ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ጎማው መሬቱን እንዲይዝ ይረዳል፤ አስፋልት ሲደረስ ይሞላል። ካላማደሪያ ያለው ጎማ ግን ብዙ አይቀነስለትም፤ ቸርኬው ውስጥ ከተንሸራተተ ካላማደሪያው ከቫልቩ ስር ይቀደዳል። በየካና በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ቅጠል የሸፈነው ጉቶ የጎማን ጎን ይበሳል። ጎን የተበሳ ጎማ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማይጠገን ሙሉ መጠን ያለው ትርፍ ጎማ የግድ ነው።

ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በሰንዳፋ አቅጣጫ ያለው ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። የረጠበ ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ምንም ዓይነት ፎር ዊል አያሸንፈውም። በክረምት እዚያ የሚበጀው ፀሐይ እስክታደርቀው መጠበቅ ነው። ተራራው ላይ ያለው ቀይ አፈርና ድንጋይ በአንጻሩ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል።

መኪናው ሲቀረቀር ለመውጫ የሚያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ስር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ የንፋስ መለኪያና መሙያ፣ የመኪናውን ክብደት በእጥፍ የሚችል መጎተቻ ገመድ። ገመዱ የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር በጠበቀ መያዣ ላይ ብቻ ነው። የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ ከታሰረ ኳሱ ተበጥሶ እንደ ጥይት ሊወረወርና ሰው ሊገድል ይችላል። ገመዱ ሲወጠር ሰው ሁሉ ከርዝመቱ በላይ ይራቅ። ከባዱ ዕቃ ደግሞ ውስጥ፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ፖርቶመጋላ ላይ የተቆለለ ጭነት ጎን ለጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ መኪናውን ይገለብጣል። ሞላና ባሌስትራን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ማስነሳትም ለቀላል ጉዞ አያስፈልግም፤ የካርዳኑንና የመሪውን ማዕዘን ያዛባል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ይፈትናል። ከእንጦጦ በጥርጊያው ሲወረድ ፎር ኤል አስገብቶ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ መተው እንጂ ፍሬን ላይ መቆም አይገባም። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ያረጀው ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከጉዞ መልስ የስሩ ጭቃ ይታጠባል፣ የአየር ፊልትሮው ይራገፋል፣ የጎማ ቡሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ።