ጎርፍ ያለበሰውን አሸዋ ውፍረት ማወቅ፦ ከዘመቻ በፊት ልኬት

ከመካነ ሰላም ከፍታ የሚወርደው የክረምት ውሃ ወደ ዓባይ፣ ወደ በሽሎና ወደ ወለቃ ሸለቆዎች ሲጣደፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ተዳፋቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይላላል፤ ከባዱ አሸዋ አስቀድሞ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ደለል ከውሃው ጋር ይርቃል። በቦረቦር አፍና በወንዝ ዳር ያሉ ማሳዎች አሸዋ የሚለብሱት ስለዚህ ነው። አሸዋ ለሰብል የሚሆን ውሃም ሆነ ምግብ እምብዛም አይዝም፤ ለሙ አፈር ግን ከሥሩ ተቀብሮ ይቆያል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአሸዋው ውፍረት ነው። ከ5 ሴ.ሜ ያነሰ ከሆነ በተለመደው እርሻ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። የበሬ ማረሻ ከ15 ሴ.ሜ ብዙም ስለማይዘልቅ ከዚያ የወፈረው በእርሻ ብቻ አይድንም። በአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ላይ 20 ሴ.ሜ የተኛ አሸዋ 500 ሜትር ኩብ ሲሆን ክብደቱም ከ700 ቶን ያልፋል። ይህ ሳይታወቅ ሕዝብን ለጠረጋ መጥራት ጉልበትን ማባከን ነው።

ማሳውን ሳይቆፍሩ የሚለካ መሣሪያ አለ። ሸክላማ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ አሸዋ ግን በደካማው። በመሬት ላይ የሚያልፈው መሣሪያ ደካማ መግነጢሳዊ ኃይል ወደ አፈሩ ይልካል፤ ምላሹ ባነሰበት ቦታ አሸዋው ወፍሯል ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ ውስጥ የሚዙሪ ወንዝ ሞልቶ እርሻዎችን በአሸዋ ካለበሰ በኋላ ተመራማሪዎች የአሸዋውን ውፍረት በካርታ ያሳዩት በዚሁ ዘዴ ነበር።

ይሁን እንጂ እርጥበትና ጨው ንባቡን ይለውጣሉ፤ ከሥር ያለውም አሸዋማ ወይም ድንጋያማ ከሆነ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ የመሣሪያው ንባብ በጥቂት ጉድጓዶች መረጋገጥ አለበት።

መሣሪያው በሌለበትም ሥራው አይቆምም። የሰበካ ጉባኤያት ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር ሆነው ማሳውን በገመድ በየ20 እርምጃው ይከፋፍሉ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ጥቁሩ አፈር እስኪገኝ ቆፍረው ጥልቀቱን በንድፍ ላይ ያስፍሩ። በዚህም የሚታረሰው፣ የሚጠረገውና ለሣር ወይም ለዛፍ የሚተወው ይለያል። መሣሪያው በመጣ ጊዜም ይኸው መዝገብ ለማረጋገጫ ያገለግላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጋራው ጉልበት ድምፁ ከፍ ላለው ሳይሆን፣ ማሳቸውን የሚጠርግ ወገን ለሌላቸው መበለቶችና አረጋውያን እንዲደርስ ማስረጃ ይሆናል።