የመቀሌው ምሽግ እንዴት ተለቀቀ?

በታሪክ ትምህርት የዐድዋን ድል ስናነሣ አብዛኛውን ጊዜ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን ውሎ ብቻ ተርከን እናልፋለን። ነገር ግን ከዐድዋ በፊት መቀሌ አለ። ስለዚህ የእንዳየሱስ ምሽግ ከበባ እንዴት እንደነበረ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የማጆር ቶዜሊ ጦር አምባላጌ ላይ ከተደመሰሰ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ መቀሌ ገሠገሠ። እዚያ ማጆር ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደሮች ይዞ ኮረብታ ላይ መሽጎ ነበር። አብዛኞቹ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ።

መጀመሪያ የተሞከረው ፊት ለፊት መግጠም ነው። ሆኖም ሽቅብ የሚወጣ ሰው ከካብ ጀርባ ለሚተኩስ ጥሩ ዒላማ ነውና ብዙ ጀግና ወደቀ፤ ምሽጉም አልተሰበረም። ታዲያ ምን ተደረገ? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ምሽጉ ውሃውን የሚቀዳው ከካቡ ውጪ ካለ ምንጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህን ተረድተው ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በውስጥ ያለው ጥይት ቢበዛም ጥሙን ሊያስታግስ አልቻለም።

ይህ ዘዴ በሌላም አገር ይታወቃል። በ1299 ገደማ (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንዶች ለነፃነታቸው ሲዋጉ የስተርሊንግን ግንብ ከእንግሊዞች ያስለቀቁት በራብ ነው። ግንብ የቱንም ያህል ቢጠነክር በውስጡ ያለው ሰው መብላትና መጠጣት አለበት።

በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በድርድር ምሽጉ ተለቀቀ። አፄ ምኒልክ የሰላም በር እንዳይዘጋ በማሰብ የጋሊያኖ ጦር መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ፈቀዱ፤ ራስ መኰንንም ሸኙት። ጋሊያኖ ግን ዐድዋ ላይ ተመልሶ ተዋጋ፤ እዚያው ሞተ። ምሕረቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ክፍት አድርገን ብናቀርበው ክፍሉ ይሟሟቃል።

የሮቤና የጎባ አካባቢ ልጅ ኮረብታ ምን እንደሆነ፣ ውሃ ቀድቶ ዳገት መውጣትም እንዴት እንደሚያደክም ያውቃል። ትምህርቱን ከዚያ ብንጀምርለት የመቀሌን ነገር ራሱ ይደርስበታል። ቀኑን ብቻ ያጠና ተማሪ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል፤ ምክንያቱን የተረዳ ግን ለሌላም ያስረዳል።