ጥፋተኛው ፓምፑ ነው ወይስ ጉድጓዱ?

ዳንግላ ዙሪያ የእጅ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። ጉድጓዱ ላይ በሶላር የሚሠራ ፓምፕ የተከለ ሰው ታዲያ «አንዴ ይጎርፋል፣ አንዴ ይንጠባጠባል» ብሎ ሲያማርር፣ ሁሉም ፓምፑ ላይ ይፈርዳል። ሕግ የተማርኩ ነኝና፣ ጉድጓዱም ቃሉን ይስጥ እላለሁ።

የሶላር ፓምፕ ፍጥነት እንደ ፀሐዩ ይለዋወጣል። በሚሽከረከር ክንፍ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ውሃውን ሊያደርስ የሚችልበት ከፍታ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ደመና ሲያልፍ ሞተሩ እየዞረ ውሃው ቢጠፋ ብልሽት አይደለም።

በጠራራ ፀሐይም ከተቆራረጠ ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ ውሃው እስኪነካ ይልቀቁ፤ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት አንዴ፣ ሲቆራረጥ አንዴ ይለኩ። ውሃው ብዙ ከወረደ ጉድጓዱ ከሚያመነጨው በላይ እየተሳበ ነው። መድኃኒቱ ፍጥነቱን መቀነስ እንጂ ትልቅ ፓምፕ መግዛት አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከመሬት በላይ ለተቀመጠ ፓምፕ ሌላም ጣጣ አለ። ውሃውን ወደ ቱቦው የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በስሌት 10 ሜትር ያህል ያነሣል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ዳንግላ ግን 8 ሜትር ገደማ፣ በተግባርም ከ6 ብዙም አያልፍም። ታኅሣሥ ላይ ደህና የነበረ ፓምፕ መጋቢት ላይ፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠማበት ሰዓት፣ የሚለግመው ለዚህ ነው።

ውሃው ሳይወርድ ከተቆራረጠ ቱቦው አየር እየሳበ ይሆናል፤ አረፋው ይመሰክራል። መገጣጠሚያዎቹን ያጥብቁ። ያለ ውሃ የሚዞር ፓምፕ ጎሚኒው ስለሚቃጠል፣ እስኪጣራ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ሰው ይቁም።