ሊብሶዲየምና የማይደገመው ቁጥር

ሊብሶዲየም ለፕሮግራመሮች የተዘጋጀ ኦፕን ሶርስ የምስጠራ ላይብረሪ ነው። መነሻው ዳንኤል በርንስታይን፣ ታንያ ላንገና ፒተር ሽዋበ የሠሩት ናክል የተባለ ላይብረሪ ነው። ፍራንክ ዴኒስ ያንን ወስዶ በየዓይነቱ ማሽን ላይ በቀላሉ የሚጫን አደረገው፤ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮም በነጻ ይገኛል። የተጻፈው በሲ ቢሆንም በፓይተንም በራስትም የሚሠራ ሰው ይጠቀምበታል፤ ፒኤችፒማ ከ7.2 ወዲህ ከራሱ ጋር ይዞት ይመጣል።

ሌሎች ላይብረሪዎች አልጎሪዝሙን ምረጥ፣ ሞዱን ምረጥ፣ ማረጋገጫውን ለብቻ ጨምር ይሉሃል። የምስጠራ ባለሙያ ያልሆነ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ ቢሳሳትም ፕሮግራሙ ያለ እንከን ስለሚሠራ ማንም አያውቅበትም። ሊብሶዲየም ይህን ሸክም ያነሣልሃል። ሲክሬትቦክስ ለሚባለው ፈንክሽን መልእክትህን፣ 32 ባይት ቁልፍና 24 ባይት ኖንስ (በአንድ ቁልፍ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር) ስትሰጠው በኤክስሳልሳ20 ያመሰጥርልሃል፤ በፖሊ1305 ደግሞ 16 ባይት ማረጋገጫ ይጨምርበታል። መንገድ ላይ አንዲት ቢት ከተነካች መክፈቻው እምቢ ብሎ -1 ይመልሳል። ይህን -1 ሳያዩ የሚያልፉ ፕሮግራመሮች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ ላይብረሪው የደከመው ለዚህች መልስ ነው።

ለአንተ የሚቀርህ ቁልፉን መጠበቅና ኖንሱን በትክክል መስጠት ነው። ቁልፍ እንደሚጠበቅ ሁሉም ያውቃል። ኖንስ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል።

አንድ ጊዜ የክፍያ አፕ ኮድ እንድመለከት ተጠይቄ ነበር። አፑን የሠሩት ልጆች ኖንሱን እንደ ምስጢር ቆጥረው፣ አንዴ ፈጥረው፣ ከቁልፉ ጋር ደብቀውታል፤ መልእክቱ ሁሉ በዚያው በአንዱ ኖንስ ይመሰጠራል። ኖንስ እንደ ደረሰኝ ቁጥር ነው፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም፣ ሁለት ደረሰኝ ላይ ሲገኝ ግን ነገሩ ይበላሻል።

እንዴት ይበላሻል? ሲክሬትቦክስ ከቁልፉና ከኖንሱ ዘፈቀደ የሚመስል ረጅም የባይት ሰልፍ ያመነጫል፤ መልእክቱን ከዚያ ሰልፍ ጋር ባይት በባይት ኤክስኦር ያደርገዋል። ቁልፉና ኖንሱ ያው ከሆኑ ሰልፉም ያው ነው። በአንድ ሰልፍ የተመሰጠሩ ሁለት መልእክቶችን የያዘ ሰው እርስ በርሳቸው ኤክስኦር ሲያደርጋቸው ሰልፉ ይጠፋና የሁለቱ ጽሑፎች ልዩነት ብቻ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን ካወቀ ሌላውን ያነበዋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት ፊደላት የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛውም ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አይወጣም። ስለዚህ ሁለት የአማርኛ መልእክቶች በአንድ ኖንስ ሲመሰጠሩ፣ ኤክስኦሩ ላይ በየሦስተኛው ባይት ዜሮ ይደረደራል። ክፍት ቦታ 1 ባይት ስለሆነ የዜሮዎቹ ሰልፍ ሲፋለስ ከሁለቱ በአንዱ ቃል ማለቁን ያሳብቃል። አጥቂው ገና አንድ ፊደል ሳያነብ ቋንቋውንና የቃላቱን ርዝመት አውቋል። ይህን በወረቀት ሠርቼ ሳሳያቸው ልጆቹ ኮዱን ያንኑ ቀን ቀየሩት። የፖሊ1305 ቁልፍም ከዚሁ ቁልፍና ኖንስ ስለሚወጣ፣ ኖንስ ሲደገም አጥቂው ሐሰተኛ መልእክት ፈጥሮ እውነተኛ ማስመሰል ይችላል።

መፍትሔው አንድ መስመር ኮድ ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት በራንደምባይትስ 24 ባይት አውጣ፤ ከተመሰጠረው ጽሑፍ ፊት ለጥፈህ በግልጽ ላከው። 24 ባይት ሰፊ ስለሆነ ይደገማል ብለህ አትስጋ። ሌላው የምስጠራ ዘዴ ኤኢኤስ-ጂሲኤም ግን የተለመደው ኖንሱ 12 ባይት ብቻ በመሆኑ፣ ኖንሱን በዘፈቀደ ለሚያወጣ ሰው በአንድ ቁልፍ ከ4 ቢሊዮን ጥቂት በሚበልጡ መልእክቶች ላይ ገደብ ተቀምጦለታል። በቆጣሪ እቆጥራለሁ የሚል ካለ ቆጣሪውን ዲስክ ላይ ይጻፍ፤ ሜሞሪ ላይ ብቻ ከያዘው መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲነሣ ከዜሮ ይጀምራል፣ የድሮዎቹ ኖንሶችም ይደገማሉ።

ፓስወርድ በሲክሬትቦክስ አይቀመጥም፤ ለእሱ በአርጎን2 የሚሠራው ፒደብልዩሃሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአዶቤ የተሰረቁት ፓስወርዶች በሃሽ ፋንታ ተመስጥረው ነበር የተቀመጡት፤ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ያላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት የተመሰጠረ ጽሑፍ ይዘው ተገኙ።

ትልቅ ፋይል ቆራርጦ የሚልክ ሰው ደግሞ ሲክሬትስትሪምን ይጠቀም። የየቁራጩን ኖንስ ራሱ ይይዛል፤ ቁራጮቹ ቦታ ቢቀያየሩ አይከፍትም። ላኪው በመጨረሻው ቁራጭ ላይ የማብቂያ ምልክት ያኖራል፤ ተቀባዩ ምልክቱን ካላገኘ ፋይሉ መሃል ላይ እንደተቆረጠ ያውቃል።