የመውለጃውን ቦታ የምትመርጠው እናት ናት

በገጠር አንዲት ነፍሰ ጡር የት እንደምትወልድ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ እርሷ ሳትጠየቅ ነው። ባልና አማት ይመክራሉ፤ ጎረቤት ሐሳብ ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የቀበሌው ሊቀ መንበር ትእዛዝ ያስተላልፋል። ምጡን የምትችለው ግን እርሷ ናት። ስለሆነም ውሳኔው የእርሷ እንዲሆን ማድረግና ውሳኔዋም በደኅና እንዲፈጸም መንገዱን ማመቻቸት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጊዜ ካልቆመ እናቲቱን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። የተራዘመ ምጥ ሕፃኑን ሊያሳጣ፣ እናቲቱንም ለፌስቱላ ሊዳርግ ይችላል። አደጋው ማንን እንደሚያገኝ አስቀድሞ በእርግጥ ማወቅ ስለማይቻል፣ የሠለጠነ አዋላጅና መድኃኒት ባለበት መውለድ ይመከራል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል።

በቤት የቀሩት እናቶች ምክንያት አላቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በክረምት ወንዝ ይሞላል፤ ልጆችንና ከብቶችን የሚጠብቅ አይገኝም። ጤና ጣቢያ ደርሰው ቁጣ የገጠማቸው፣ ዘመድ አይግባ የተባሉ፣ ተንበርክኮ መውለድ ለምደው ሳለ በጀርባ ብቻ ተኙ የተባሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንና የሚመቻትን አኳኋን እንድትመርጥ ይመክራል።

በቤት የወለደችን መቅጣት መፍትሔ አይሆንም። ቅጣት የፈራች እናት ደም እየፈሰሳት እንኳ ትደበቃለች። ሰው የሚያስመጣው የተመቻቸ አገልግሎት ነው። ለዚህም በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ምሳሌ ይሆናል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ጊዜ እስኪደርስ የሚቆዩበትን ቤት ከፈተ። ከ1987 እስከ 2008 የተሰበሰበው መዝገብ ሲመረመር፣ በማቆያው ከቆዩት እናቶች በ100,000 ሕያው ወሊድ የሞቱት 90 ያህል፣ በቀጥታ ከገቡት ግን 1,333 ሆነው ተገኝተዋል። በቀጥታ ከገቡት መካከል ችግር ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሚገኙ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ባይባልም፣ ቀድሞ መድረስ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በማኅበር አቅም ሊሠራ የሚችል ነው። በየመንደሩ ቃሬዛና ተሸካሚዎች ተለይተው ይዘጋጁ። የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር በየቤቱ ይታወቅ። ለማቆያ ቤት እህል፣ ማገዶና የገንፎ ዱቄት ይዋጣ። እናቲቱ በማቆያው ሳለች ቤቷንና ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤት ይመደብ። በጤና ጣቢያው ስድብ የደረሰባት እናት አቤቱታዋን መሪዎች ተቀብለው ለሚመለከተው ያቅርቡላት።

ነገሩ ሁሉ ተነግሯት በቤቷ መውለድን የመረጠች እናትም አትገለል። ደም ሲበዛ፣ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ወይም ምጡ ከ12 ሰዓት ሲያልፍ ቃሬዛው ሳይዘገይ ይነሣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሆነች የማኅበሩ መሪ ነፍሰ ጡርን ሲያገኙ ከትእዛዝ በፊት የሚያስቀድሙት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የት መውለድ ትፈልጊያለሽ? እዚያ ለመድረስስ ምን ጎደለሽ?»